ረቂቅ የምትባለዋ ሴት

ቀናተኛ ነኝ። ሰው ስኳር አለብኝ፣ ደም ግፊት አለብኝ እንደሚለው ነው እኔም ይኼን የምናገረው፤ አላፍርበትም። እናቴም ቀናተኛ ነበረች፤ አባቴ ገበያ ውሎ ሲመጣ ጋቢውን ተቀብላ ታሸት ነበር። እኔ ደግሞ ይባስ ብዬ ሾፌር አገባሁ። ቀናተኛ ሴት ሾፌር ስታገባ ምን እንደምትሆን የምታውቁ እዘኑልኝ፤ የማታውቁ ደግሞ አዳምጡኝ።

የምኖረው ወረታ ነው። ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ፤ ከመፈልፈያ ቤት ሩዝ እየተረከብኩ እቸረችራለሁ። ባሌ አስማረ ከወረታ ባሕር ዳር ሚኒባስ ይነዳል። ጋቢና ማን ተቀመጠ፣ ማን ወረደ፣ ከማን ጋር ሳቀ የሚለውን ሳልጠይቃቸው የሚነግሩኝ ሰዎች አሉ። ሽንኩርት ጫኞቹም፣ ተራ አስከባሪዎቹም ይነግሩኛል፤ የሰው ትዳር ሲታመስ ማየት የሚጠላ የለም። ያን ሰሞን የሚያወሩልኝ ስለ አንዲት ሴት ነበር። መነጽር ታደርጋለች፤ ባሕር ዳር ትልቅ መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው፤ ወረታ ያለችውን እናቷን ልትጠይቅ ስትመላለስ ጋቢና ካልሆነ አትቀመጥም። ስትወርድ አስማረ ዞሮ በሩን ይከፍትላታል አሉኝ። እኔን እንኳ በሠርጋችን ቀን በር የከፈተልኝ ሚዜው ነው።

ይኼን በሆዴ ይዤ ስብሰለሰል ወንድሜ አለበል ከገጠር መጣ።

አለበል ታላቄ ነው። አባታችን መሬቱን ሲያካፍለን ለሱ ከዳገቱ ሥር ያለውን ሰጠው፤ ለኔ ደግሞ ጉማራ ወንዝ ዳር ክረምት ውኃ የሚተኛበትን። ያን ጊዜ ሩዝ እንዲህ አልተስፋፋም ነበርና ሰው ሁሉ ‹‹ለሴት ልጁ ረግረግ ሰጣት›› ብሎ አዘነልኝ። ሩዝ የፎገራን ሜዳ ሲወርሰው ነገሩ ተገለበጠ። ረግረጉ የሚቀናበት መሬት ሆነ፤ የዳገቱ ሥር ጤፍና ጓያ እያፈራረቀ እዚያው ቀረ። መሬቴን የሚያርስልኝ አለበል ራሱ ነው፤ በእኩል። ምርቱን ግማሽ ለግማሽ እንካፈላለን። ተጣልተንበት አናውቅም።

ያን ዕለት ውኃ እንኳ ሳይጠጣ ነው የጀመረው።

‹‹እታለም፣ ጉድ ሆነናል።››

‹‹ምነው? ማን ሞተ?››

‹‹የሞተስ የለም። ቀበሌ ሰብስበው አዋጅ ነገሩን። ከተማ ገብቶ መሬቱን በራሱ የማያርስ ሰው መሬቱን ያጣል። ወረቀት እያነበቡ ነው የነገሩን፤ በዚህ በጆሮዬ ነው የሰማሁት።››

እጄ ሩዙ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ‹‹እና ምን ይሻላል ወንድማለም?››

‹‹ለባዳ ሳይሰጡት ለኔ በስጦታ አዙሪልኝ። የአባታችን መሬት ከዘር አይውጣ። ሰኞ ቀበሌ እንገናኝ፤ ለሽማግሎችም ነግሬያለሁ።››

አለቀስኩ። ሩዝ ቸርቻሪ ብሆንም፣ ወረታ ብኖርም፣ እኔ ራሴን የማውቀው በዚያች መሬት ነው። አንድ ቀን አስማረ ጥሎኝ ቢሄድ የምገባበት አለኝ ብዬ የምተኛው በሷ ነው። ቀናተኛ ሴት ያለ መሬት ምን ኃይል አላት? ቢሆንም ለባዳ ከሚሆን ለወንድሜ ይሁን ብዬ እሽ አልኩት።

ማታ እራት ላይ ለአስማረ ስነግረው ጉርሻው እጁ ላይ እንዳለ ዝም አለ። ‹‹ሰኞ ነው ያልሽኝ?›› ብቻ አለ። መሬቴን ላጣ ነው ስለው ዝም የሚል ባል ልቡ ሌላ ቦታ ቢሆን ነው ብዬ ደመደምኩ።

ከሁለት ቀን በኋላ ጠዋት መኪናውን ግቢ ውስጥ እያጠበ ስልክ ሲያወራ ሰማሁት። ሬዲዮው በርቷል፤ ውኃው ይንቧቧል። እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜያለሁ። የሰማሁት ተቆራርጦ ነው፤ ግን ለኔ በቂ ነበር።

‹‹… ረቂቅ እንዴት ናት? … ተሻሽላለች? ኧረ ደስ ይላል! … አይ፣ ያቺን የድሮዋንማ አይቻታለሁ፤ አዲሷን ነው የምፈልጋት … እሽ፣ ቅዳሜ ወንዛዬ ላይ … ትርንጎ እንዳትሰማ ብቻ፤ ትፈጀኛለች።››

ትርንጎ እኔ ነኝ።

ረቂቅ የምትባል ሴት አለች ማለት ነው። ስሟም ያናድዳል፤ ረቂቅ! እኔን የሰየሙኝ በፍሬ፣ እሷን በምሥጢር። ደግሞ የድሮዋን አይቷታል፤ አሁን ተሻሽላለች፤ ምኗ ይሆን የተሻሻለው? እያልኩ ቀኑን ሙሉ ሩዝ ስሰፍር ቁናው እየተሳሳተብኝ ዋለ። አስማረ ማታ መጥቶ፣ ‹‹ቅዳሜ አንዲት ጉልበታቸውን የሚያማቸውን አሮጊት ወንዛዬ ፍል ውኃ አደርሳለሁ፤ ኮንትራት ነው›› አለኝ። ‹‹ደግ›› አልኩት። ዝም ስል ይፈራኛል፤ የዚያን ምሽት ሳህኑን ሳይቀር ራሱ አነሳ።

ቅዳሜ እሱ ከወጣ በኋላ ሱቄን ዘግቼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ተከተልኩት። ሐሙሲት ድረስ በሰው መኪና ሄድኩ፤ ከዚያ ሌላ ይዤ ወንዛዬ ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን እያዘጋጀሁ ነበር። መጀመሪያ ለሷ የምለውን አሰብኩ፤ ቀጥሎ ለሱ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ ‹‹ልጄ፣ ምን አሞሽ ነው ወደ ፍል ውኃው የምትሄጅው?›› ቢሉኝ፣ ‹‹ልቤን ነው አባቴ›› አልኳቸው። ‹‹ለልብ እንኳ ጠበሉ ይሻላል›› አሉኝ።

ስደርስ ሚኒባሷ ዛፍ ሥር ቆማለች። ሰው ፎጣ በራሱ ጥሎ ከፍል ውኃው ይወጣል፣ ይገባል። አስማረን ደንጊያ ላይ ተቀምጦ አየሁት። አጠገቡ ያቺ ባለመነጽር! ሁለቱም አንድ ስልክ ላይ አቀርቅረው ግንባራቸው ሊነካካ ምንም አልቀረው። እሷ በጣቷ እያሳየችው እሱ ራሱን ይነቀንቃል። ከኔ ጋር ስልክ አይቶ የሚያውቀው መብራት ሲጠፋ ለባትሪው ነው።

ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ።

‹‹ረቂቅ ማለት አንች ነሽ?!›› ብዬ ጮህኩ።

ሴትዮዋ ደንግጣ መነጽሯን አስተካከለች። ‹‹እኔ? እኔ ሕይወት ነኝ።››

‹‹ታዲያ ረቂቅ የታለች? ዛሬ ሳላያት አልሄድም! ወይ እሷ ወይ እኔ!››

ሰው መሰብሰብ ጀመረ። አስማረ መጀመሪያ ቀላ፤ ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። ለካ እየሳቀ ነው።

‹‹ያቻትልሽ›› ብሎ ስልኩን ዘረጋልኝ።

ፎቶዋን ላየው ነው ብዬ ነጠቅሁት። ፎቶ የለም። የጥቁር ፊደል መዓት ነው። ከላይ በትልቁ ‹‹ረቂቅ አዋጅ›› ይላል፤ ከሥሩ ስለ ገጠር መሬት ነው።

አሁን እናንተ ትስቁ ይሆናል። የእኛ አገር ሰው ዕቃውንም ወረቀቱንም ስልኩንም በሴት ነው የሚጠራው፤ መኪናዋ፣ ቤቷ፣ ሱሪዋ እንላለን። አዋጅም ብትሆን ያው ‹‹እሷ›› ናት። በቀናተኛ ሴት ጆሮ ግን ሴት ሁሉ ሴት ነው። እኔ በዚያ ሰዓት አልሳቅኩም። ረቂቅ ወረቀት ብትሆንም፣ ሕይወት ሥጋና ደም ናት፤ ግንባሯም ከባሌ ግንባር ጥግ ነበር።

‹‹ለምን ደበቅኸኝ?›› አልኩት።

‹‹ባዶ እጄን መጥቼ ወንድምሽ ያለው ልክ አይደለም ብልሽ ምን ትይኝ ነበር?››

‹‹በአባቴ መሬት ምን አገባህ እልህ ነበር።››

‹‹ይኸው እንግዲህ። አለበል ያለው አዋጅ ነው ወይስ ገና ወሬ ነው የሚለውን ላጣራ ብዬ እሷን ጠየቅኋት። ምክር ቤት ነው የምትሠራው፤ ሕግ ነው ሥራዋ። ጋቢና የማስቀምጣትም ስለሚያቅለሸልሻት ነው።››

ከፍል ውኃው እናቷ በፎጣ ተጠቅልለው እያነከሱ መጡ። የሆነውን ሲሰሙ እንደኔ ዓይነቷን ለብዙ ዘመን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል አቀፉኝ። ‹‹አይዞሽ ልጄ፣ የኔም ጉልበት ያለቀው ባሌን ስከታተል ነው›› አሉኝ። አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ሕይወትም ከወዲያ ተቀመጠች፤ በመካከላችን እናቷ መኖራቸው ጥሩ ሆነ።

‹‹ወንድምሽ ውሸት አልተናገረም›› አለችኝ ሕይወት። ‹‹የተነበበለት ግን አዋጅ አይደለም። ረቂቅ ነው። እንዲወያዩበት፣ ይህ ይጣል፣ ይህ ይግባ እንዲሉ ነበር የሰበሰቧቸው።››

‹‹ካልወጣ ለምን ያነቡላቸዋል?››

‹‹እንዲናገሩ ነዋ። መጀመሪያ የክልሉ መሬት ቢሮ ያረቅቀዋል። ለምን እንዳስፈለገ የሚያስረዳ ሐተታ ዘምክንያት የሚባል ጽሑፍ ይያያዝበታል። በመስተዳድሩ በኩል ወደ ክልሉ ምክር ቤት ይመጣል። ምክር ቤቱ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራዋል። ኮሚቴው ሰው ያወያያል፣ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል። ከዚያ በጉባኤው ድምፅ ይሰጥበታል። ቢጸድቅም ተፈርሞ በዝክረ ሕግ እስኪታተም ይጠበቃል።››

‹‹በማን ዝክር?››

እናቷ ሳቁ። ‹‹እኔም መጀመሪያ ዝክር መስሎኝ ማን ደገሰ ብያት ነበር!››

‹‹የክልሉ ሕጎች የሚታተሙበት ጋዜጣ ስም ነው›› አለች ሕይወት፣ እሷም ሳቋን እየዋጠች። ሳቋ ያምራል። ያናደደኝም እሱ ነው።

‹‹ሽማግሌ ተልኳል እንጂ ሠርጉ አልተበላም በይኛ›› አልኳት።

‹‹እንዲህ አድርጎ ያስረዳልኝ ሰው አላጋጠመኝም›› አለች። አስማረ በኩራት አየኝ። በኔ ሲኮራ ካየሁት ቆይቼ ነበርና እሷ ፊት መሆኑ ብቻ ቅር አለኝ።

ቀጥላ ሁለት ረቂቅ አሳየችኝ። አንዱ ለወንድሜ የተነበበለት ነው፤ ሌላው ከውይይቱ በኋላ ኮሚቴው ያሻሻለው። ‹‹የድሮዋ›› እና ‹‹አዲሷ›› ማለት እነዚህ ናቸው። ‹‹ልዩነቱን ላሳይሽ›› ስትል፣ ‹‹ተይኝ፣ ራሴ አገኘዋለሁ›› አልኳት። እልህ ያዘኝ። በባሌ ሸሚዝ ላይ የተቀየረች ቁልፍ የማታመልጠኝ ሴት ነኝ፤ ትናንት እንዲህ ብሎ ዛሬ እንዲያ ያለበትን ቃል ለዓመታት የምይዝ። ሁለቱን በሁለት ስልክ ጎን ለጎን አድርጌ በዓይኔ ፈተሽኳቸው። አለበል የነገረኝን አንቀጽ አገኘሁት። የድሮዋ ‹‹በራሱ የማያለማ›› ትላለች። አዲሷ ‹‹በራሱ ወይም በሌላ ሰው አማካይነት የማያለማ››።

‹‹ወይም በሌላ ሰው አማካይነት›› ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ‹‹አለበል ማለት ነው! በእኩል የሚያርስልኝ!››

‹‹አዎ። ሌላ ቀበሌ ላይ ሰዎች ተነስተው ተናግረው ነው የገባችው›› አለችኝ።

ነገሩ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አለበል በስብሰባው ተቀምጦ አዋጅ እንደሚሰማ ሰው አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ‹‹ሐሳብ ያለው›› ሲባል ዝም አለ፤ በእኛ ቤት በአዋጅ ላይ ሐሳብ አይሰጥማ። አያቶቻችን ‹‹አዋጅ!›› ሲባል መስማት ነበር የሚያውቁት። አልተናገረም እንጂ እንዲናገር ነበር የተጠራው።

‹‹እንግዲህ ተረፍኩ›› ስል ሕይወት ጣቷን አነሳች። ‹‹ቆይ። አዲሷም ገና ረቂቅ ናት። ድምፅ እስኪሰጥ ቃሏ ልትወጣም ትችላለች። ዛሬ የሚሠራው ግን የቀድሞው ሕግ ነው። ሰኞ በስጦታ ከፈረምሽ ያልወጣ ሕግ ፈርተሽ በወጣው ሕግ ማስተላለፍሽ ነው፤ መመለሱ ቀላል እንዳይመስልሽ።››

ለሰው ምክር ማመስገን አይከብደኝም። ለሷ ግን ‹‹እግዜር ይስጥልኝ›› ለማለት ሁለት ጊዜ ምራቄን ዋጥኩ። ስንመለስ ጋቢና የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። እሷን ከኋላ ከእናቷ ጋር አስቀመጥኳት። አቅለሸለሻት፤ መስኮት ከፈትንላት።

ሰኞ ቀበሌ ስደርስ አለበል ከሽማግሎቹ ጋር ግንቡ ጥግ ቆሟል። አዲስ ጋቢ ለብሷል፤ ለደስታ እንደሚለበስ። መሬት አስተዳደር ያለው ባለሙያ ወረቀቱን አዘጋጅቶ ጠበቀን።

‹‹አልፈርምም ወንድማለም›› አልኩት።

‹‹ምን?››

‹‹አዋጁ አልወጣም። ረቂቅ ነው። አንተ እንድትናገር ነበር የተጠራኸው።››

ስልኬን አውጥቼ ሕይወት የላከችልኝን አነበብኩለት። ሽማግሎቹ ጆሯቸውን አዘነበሉ። ባለሙያውም፣ ‹‹እውነቷን ነው፣ ገና አልጸደቀም። እኔ ጋም የመጡት በፈቃዷ የምትሰጠው ነው ብለው ነው›› አለ። አለበል ግን እኔን እንጂ ስልኩን አላየም።

‹‹ባልሽ ነው የመከረሽ።››

‹‹ራሴ ነኝ ያነበብኩት።››

‹‹ነገ ቢወጣስ? ነገ ብትነጠቂስ?››

‹‹ነገ ከወጣ ነገ እናያለን። አንተ ታርሳለህ፣ እኔ ግማሽ አገኛለሁ፤ ‹በሌላ ሰው አማካይነት› ማለት አንተ ነህ። ስምህ አዋጅ ውስጥ ሊገባ ነው እኮ!›› ብዬ ላስቀው ሞከርኩ።

አልሳቀም። ከሽማግሎቹ ራቅ አድርጎ ወሰደኝ። ሲናገር አንገቱን ደፍቶ ነበር።

‹‹ስብሰባው ላይ ሲነበብ ምን እንደተሰማኝ ልንገርሽ? መጀመሪያ ደነገጥኩልሽ። ከዚያ ደግሞ … ደስ አለኝ። አባባ ውኃ የሚተኛበትን ላንች፣ ጭንጫውን ለኔ ሰጠን። ዝናብ ሲዘንብ ያንቺ ሲጠጣ የኔ ሲሸረሸር እያየሁ ስንት ክረምት ነው ያለፈው። ሁለቱንም የማርሰው እኔ ነኝ። ያንቺን ሳርስ እንደ በሬ ነኝ፤ የኔን ሳርስ እንደ ደንጊያ ፈላጭ። ቀንቼብሽ ነው የኖርኩት እታለም።››

ቅናትን እኔ ነኝ የማላውቃት? እናቴ ጋቢ ስታሸት እሱም እኮ እያየ ነው ያደገው። ቅናት የኔ ብቻ፣ የሴት ብቻ፣ የባልና ሚስት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ወንድሜ ያችኑ በሽታ ዝም ብሎ እርፍ ጨብጦ ሲያርሳት ኖሯል። ተናድጄበትም ነበር፤ አልክድም። መሬቴን ሊወስድ ደስ ብሎት መጣ እኮ! ግን ውሸቱን አልነበረም የነገረኝ፤ አዋጅ መስሎት ነበር። ደስታው ብቻ ነው የራሱ።

‹‹ለምን ያኔ አልነገርኸኝም?›› አልኩት።

‹‹ለማን ይነገራል ይኼ?››

ጎን ለጎን ቆመን ሜዳውን አየነው። ሽማግሎቹ ሲሰለቻቸው ሄዱ።

እናንተ አንባቢዎች፣ ምክሪን ካላችሁ ይኼንኑ ነው የምላችሁ። ‹‹አዋጅ ወጣ›› ሲባል ስትሰሙ ቅኑ። አዎ፣ እንደ ቀናተኛ ሚስት ሁኑ። የት ነው የወጣው? ማን አየው? ረቂቅ ነው ወይስ ጸድቋል? የትናንቱ ቃል ዛሬም አለ? መጀመሪያው ላይ ‹‹ትርጓሜ›› የሚለውን አንብቡ፤ እናንተን ማን ብሎ እንደሚጠራችሁ የምታውቁት እዚያ ነው። መጨረሻው ላይ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጸና እዩ። ‹‹ዝርዝሩ በደንብ ይወሰናል›› የሚል ካገኛችሁ ደግሞ ገና አልተጨረሰም፤ ደንቡን ጠብቁ፣ ከደንቡ ቀጥሎ መመሪያውን። ስብሰባ ከተጠራችሁ ደግሞ አንገታችሁን አትድፉ። እኔን ያዳነችኝን ቃል ያስገባው የማላውቀው የሌላ ቀበሌ ሰው ነው፤ ተነስቶ ስለተናገረ ብቻ።

ያቺ ሕይወት ዛሬም ትመላለሳለች። አዲስ ረቂቅ ሲመጣ ለኔ ነው የምትልከው፤ ለአስማረ አይደለም። ይኼን ያስደረግኋት እኔ ነኝ። ጋቢና ግን እኔ ከሌለሁ ብቻ ነው የምትቀመጠው፤ ሳለሁ ከኋላ ነው፤ ሎሚ ገዝቼ እሰጣታለሁ ለማቅለሽለሹ።

አዋጁ ከቆየ በኋላ ጸደቀ። በሬዲዮ የሰማ ዕለት መጀመሪያ የደወለልኝ አለበል ነው።

‹‹እታለም፣ ጸደቀች አሉ። ያቺ ቃል አለች ወይ?››

‹‹ታትማ ትውጣና እነግርሃለሁ›› አልኩት። የሬዲዮውን ወሬ ብቻ አምኜ አልመለስኩለትም። ዝክሩ ሲወጣ ደወልኩለትና አንቀጹን አነበብኩለት። ‹‹ድገሚልኝ›› አለ። ደገምኩለት። ‹‹ወይም በሌላ ሰው አማካይነት›› ላይ ስደርስ ትንፋሹን ሰማሁት።

‹‹እንግዲህ ያንችው ናት›› አለ። ደስ ያለው ድምፅ አልነበረም። ግን የዋሸም አልነበረም።

‹‹የኔ ናት። ያላንተ ግን አትሆንልኝም፤ ሕጉም ያለው ይኼንኑ ነው።››

በሬዎቹ ሲያገሱ ይሰማኛል፤ ሜዳው ላይ ነው።

‹‹ዘንድሮ ሩዙ ጥሩ ነው›› አለኝ። ‹‹ያንችው።››